በእኛ በኩል ይለፍ ያልሽው ቦይ

እማዬ፣ አላህ ቀብርሽን ሰፊ ያድርግልሽ። ከተለያየን ሰባተኛ ወራችንን ያዝን። ሰፈራችን ጀሪፍ እንዳለች ናት፤ ሙቀቱም አቧራውም እንደተውሽው ነው። ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ ጉልበቷ ብሶባት ከግቢዋ መውጣት ትታለች። ስምሽ ሲነሳ አሁንም ታለቅሳለች።

ዋናው ወሬ የቦዩ ነው። ዓመት ሙሉ የለፋሽበት የጎርፍ መውረጃ ተፈቀደ። ሲሚንቶውን ማዘጋጃ ቤቱ ይሰጣል፣ ቁፋሮው የሰፈሩ ሰው ነው፤ እናንተ በወሎ ደቦ የምትሉትን እዚህ ነፊር ይሉታል፣ ሁሉም አካፋውን ይዞ ይወጣል። ማመልከቻውን አንቺ በአማርኛ እየነገርሽኝ በዐረብኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ማንንም መውቀስ አልችልም።

መሐንዲሱ የመጣ ቀን ትዝ ይልሻል? መስመሩ ወይ በሐጃ ቤት ወይ በእኛ ክፍል ማለፍ አለበት ሲል፣ ማንም ሳይጠይቅሽ በእኛ በኩል ይለፍ አልሽ። ገብቶኛል እማዬ። አንቺ ባደግሽበት አገር ሰው እንዲህ ሲል ሌላው ተሽቀዳድሞ ኧረ በፍጹም ይላል፣ ክርክር ይነሳል፣ በመጨረሻ ለሁሉም የሚበጅ ይገኛል። መሐንዲሱ ግን ጻፈው። ይሉኝታ ይዞሽ ቃልሽን መመለስ አልቻልሽም፤ ቤት ስንገባ ደግሞ ይረሱታል አልሽኝ።

አልረሱትም። አባቴ በጭቃ ጡብ የሠራት ክፍላችን ትፈርሳለች። በምትኩ የሚሰጡኝ ቦታ ከከተማው ጫፍ ነው፤ አል-ጣኢፍ ሰፈር ካለው ሥራዬ ለመድረስ ሦስት አውቶቡስ ያስቀይራል። ወሎ ልሂድ ብል የማውቀው ዘመድ የለም። እምቢ እንዳልል ክረምቱ ደርሷል፤ አምና ውሃው ሐጃን ከነአልጋዋ ሲከባት ተሸክመሽ ያወጣሻት አንቺ ነሽ። የቦዩን ስምምነት ሁሉም ፈርሞ የእኔ ፊርማ ብቻ ቀረ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ስወጣ ስገባ ግን ሰላምታቸው ረዘመ። መቼ ትፈርሚያለሽ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

ትናንት የሰፈሩ የቦይ ኮሚቴ ፊት ቆሜ ግድ የለም፣ እፈርማለሁ አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ ሰው ተነስቶ ሌላ መንገድ እንፈልግ እንዲል እየጠበቅሁ ነበር። ሊቀ መንበሩ አላህ ይባርክሽ ብሎ እስክሪብቶውን አቀበለኝ። ፈረምኩ።

ቅዳሜ ቁፋሮው ይጀመራል፤ እኔም አካፋ ይዤ እወጣለሁ። ተናድጄብሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ዘንድሮ ሐጃ ሳትሰጋ ትተኛለች፤ እኔ የት እንደማድር ገና አላውቅም። ተቆጥቼም ሆነ ናፍቄሽ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር አስብሻለሁ።

ልጅሽ ሰሚራ