የመስኮቱ ጥግ ጠረጴዛ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ምድጃው ሥር ጎንበስ ቀና ስትይ ይይዝሽ የነበረው ለቀቀሽ ወይ? እማማስ? የዓይን ጠብታዋን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ ነገ እያለች ታስተላልፈዋለች? ባልሽስ፣ ልጅሽስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። የእኔም እግር አላበጠም፣ የእሱም ደም ግፊት ልኩ ላይ ነው። ግን እህቴ፣ ደህና መሆንና መረጋጋት ለየቅል ናቸው። ይህችን ደብዳቤ እንኳ የምጽፍልሽ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው።

ይህን ጉዞ የባሌ መሥሪያ ቤት ለጡረታው ሽኝት እንደሰጠን ታውቂያለሽ። ማረፊያችን ንጹሕ ነው፣ አልጋውም ይመቻል፤ ማብሰያ ግን የለውም። ስለዚህ ቁርሱም ምሳውም እራቱም ምግብ ቤት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ምግብ ቤት ውስጥ ሰው ሳስተናግድ ኖሬ ዛሬ ምን ልታዘዝ ሲሉኝ የምገባበት ይጠፋኛል። በመጀመሪያው ቀን አጠገባችን ያለ ጠረጴዛ ሳይነሳ ቢቆይ አላስችል አለኝና ሳህኖቹን ደራርቤ ወደ ማጠቢያው ይዣቸው ሄድኩ። አስተናጋጇ ደነገጠች፣ አለቃዋም አፈጠጠባት። እኔም ቋንቋቸውን ስለማላውቅ በምልክት ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነገሩን አባስኩት። ባሌ እስከ ማረፊያችን ሲስቅብኝ ሄደ፤ ደመወዝሽን ሳትቀበይ ለምን ወጣሽ ይለኛል።

እሱም ቢሆን ከእኔ አይሻልም። መንገድ የማይታይበት ወንበር ላይ አይቀመጥም። ያን የጭነት መኪናውን ደጅ ያቆመው ይመስል አንዴ በጎረሰ ቁጥር ወደ ውጭ ያያል። ምግቡን ሙልጭ አድርጎ ይጨርስና ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል። እኔ ገና ማንኪያ ሳነሳ እሱ ቆሟል። ከዚያ መልሶ ይቀመጥና ይጠብቀኛል፤ ሰው እየጠበቀኝ መብላት ደግሞ ይተናነቀኛል።

መጀመሪያ ላይ ሁሉንም በሳቅ አሳለፍነው፤ እያደር ግን ሳቁም አለቀ። አብረን አንድ ገበታ ላይ የተቀመጥንባቸውን ቀኖች ባስብ ባስብ ጥቂት ብቻ ሆኑብኝ። እሱ ከመንገድ ሲገባ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ እኔ ስገባ እሱ ወጥቷል። ምግቡን ከድኜ አስቀምጥለታለሁ፣ እሱ በልቶ ሳህኑን አጥቦ በአፉ ደፍቶ ይተውልኛል። የተደፋውን ሳህን ሳይ በሰላም መግባቱን አውቃለሁ። ትዳራችን እንዲህ ነበር፣ እኔም ከፍቶኝ አያውቅም። አሁን በቀን ሦስቴ ፊት ለፊት እየተቀመጥን የምንለው ጠፋን። ጨው ላቀብልሽ ይለኛል፣ ይቅርብኝ እለዋለሁ፣ በቃ።

ከመምጣታችን በፊት አንቺም ሥራውን ተይና ቤታችን አብረን እንረፍ ሲለኝ እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። የምግብ ቤታችን ባለቤትም እስከዚህ ወር መጨረሻ ቁርጡን አሳውቂኝ፣ ቦታሽን የምትጠብቅ ሴት አለች ብላኛለች። ይኸው ቀኑ ደረሰ፣ እኔ ግን ፈራሁ። ማረፍ ማለት እንዲህ መፋጠጥ ከሆነ አንድ ቀን እንጠላላለን ብዬ ፈራሁ።

ትላንት ምሳ የገባንበት ቤት ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አስተናጋጁ አንድ ወንበር እዚያ መስኮቱ ጥግ፣ አንድ ወንበር እዚህ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ አሳየን። ሌላ ቤት እንፈልግ ልል ስል ባሌ ቀድሞኝ መስኮቱ ጋ ሄዶ ዘፍ አለ። አልዋሽሽም፣ ተናደድኩ። እኔም ከማላውቃቸው ሁለት ሴቶች ጋር በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ግን ሰውነቴ ላላ። አስተናጋጆቹ ሳህን ተሸክመው ሲገቡ ሲወጡ እያየሁ የትኛዋ አዲስ ገቢ እንደሆነች፣ የትኛውን ጫማው እንደጠበበው ለየሁ። ምግቡም ጣፈጠኝ። ቀና ስል ባሌ ምግቡን ጨርሶ እንኳ አልተነሳም፤ በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ ያየኛል። በእጁ እንዴት ነው አለኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩለት። ትንሽ ቆይቶ አስተናጋጁ ያላዘዝኩትን ኬክ ፊቴ አስቀመጠና በጣቱ ወደ መስኮቱ ጠቆመኝ። በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ ጋለ። ሴቶቹ በክርን እየተጎሻሸሙ ሳቁብኝ፤ ባሌ መሆኑን ማን ይንገራቸው።

ከወጣን በኋላ አፋችን ሥራ አልፈታም። እሱ በመስኮቱ ያየውን፣ አንድ ሾፌር ያን የሚያህል መኪና በዚያች ቀጭን መንገድ እንዴት እንዳዞረው፤ እኔ በበሩ ያየሁትን። አንዳችን ሌላችንን እያቋረጥን ስናወራ መንገድ ተሳስተን ኖሮ ማረፊያችንን አልፈነዋል። ያኔ ነው የገባኝ። እኛ የለመድነው ለየብቻ ውለን ወሬ ይዘን መገናኘት ነው። ይህንኑ ነገርኩት። እሱም አንድም ቀን አንቺ የምትሠሪበት ቤት ገብቼ በልቼ አላውቅም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁልጊዜ መኪና ማቆሚያ የለም ይል ነበር።

ስለዚህ ነገ ወደዚያ የሚመለስ ሰው ይህን ሲያደርስልሽ፣ ሥራዬን እንደማልለቅ ለምግብ ቤታችን ባለቤት ንገሪልኝ። የእራቱን ሥራ ለዚያች ሴት ትስጣት፣ ለእኔ የምሳው ይበቃኛል። ይሁንልን አይሁንልን ገና አላውቅም። ይህን ስጽፍልሽ እሱ ኮቱን ለብሶ አውልቆ፣ ደግሞ ለብሷል። የሞላ ምግብ ቤት ፍለጋ ልንወጣ ነው።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ጠብታውንም አንቺው አድርጊላት። ባልሽን የላከውን ሹራብ አንድም ቀን አላወለቅኩትም በይልኝ። ልጅሽን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ወጥ ቤት ያሉትን ሁሉ፣ ያን ኩርፍተኛ ገንዘብ ተቀባያችንን ሳይቀር፣ ሰላም በይልኝ። አደራሽን ደግሞ በምሳ ሰዓት የመስኮቱን ጥግ ጠረጴዛ ለማንም እንዳታስይዙብኝ፤ የሚመጣ ደንበኛ አለኝ። ቶሎ ይጨርሳል፣ ግን ማንም እንዳያስነሳው። ሳህኑን እኔ ነኝ የማነሳለት።

የምትወድሽ እህትሽ

ከማረፊያችን፣ መንገዱን ከሚያየው ክፍል
ሚያዝያ 27 ቀን