ያለ ደረሰኝ

ሚያዝያ 4
መብራት ከፈልኩ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተሰልፌ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ደግሞ ልጅቱ "ሲስተም የለም" ብላ ግማሽ ሰዓት... ጉልበቴ አለቀ። ደረሰኙ ዛሬም በዐብደላ ስም ነው። ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ፣ መብራት ኃይል ግን መርዶውን አልሰማም።

ቤት ገብቼ ግድግዳውን በድንጋይ ሦስት ጊዜ መታሁ። መንበረ መጣች። ለሁለታችን አንድ ቆጣሪ ነው ያለን፤ በእኔ በኩል ተተክሎ ግድግዳውን ተሻግሮ ለእሷም ያበራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነን። እኔ እከፍላለሁ፣ ግድግዳ እመታለሁ፣ ግማሹን ይዛ ትመጣለች። ድሮ የመብራት ቀን ከገባች ሳይመሽ አትወጣም ነበር። አሁን በር ላይ ቆማ፦

"ስንት ደረሰብኝ?"

ነገርኳት። ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ሰጠችኝ።

"ደኅና ሰነበትሽ?"

"አልሐምዱ ሊላህ።"

ሄደች። የወሩ ወሬያችን ይኸው ነው።

ሚያዝያ 9
ማንም አያነበውም፣ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

በመንበረ ቤት ድግስ ባለ ቁጥር የእኛ በግ ለብቻው ነው። የእኛ ሰው ያርደዋል፣ በእኛ ድስት ይሠራል። አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ጥር ላይ ልጇ ይመኙሽ ስትዳር ግን... ይመኙሽ እኮ በዚህ ጀርባዬ ያዘልኳት ልጅ ናት! አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ይበላል፣ እኔ አንድ ሚሪንዳ ታቅፌያለሁ። ለካ የእኛን በግ እንዲገዛ የታዘዘው የመንበረ ባል ወንድም አያ አድማሴ ኖሯል። ረስቶታል።

መርሳት የሰው ነው። ግን መንበረ አየችኝ። ሚሪንዳዬን እንደያዝኩ አየችኝና ፊቷን ወደ ሙሽሮቹ አዞረች። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንድ ቃል የለም። የቆጨኝ በጉ አይደለም። ፊቷን ማዞሯ ነው።

ሚያዝያ 13
ልጄ ጃቢር ከማራኪ መጣ። ሳነክስ አይቶ፣ ያለ ውድ በግድ ባንክ ወሰደኝ። አዲስ ነገር አለ አሉ፣ ገና ሙከራ ነው። ባንኩ ራሱ በየወሩ ከሒሳቤ ቆርጦ መብራቱን ይከፍላል። ሰልፍ የለ፣ መስኮት የለ።

"እኔስ ምን እሠራለሁ?" አልኩት የባንኩን ልጅ።

"ምንም፣ እናቴ። ቤትዎ ቁጭ ይላሉ፣ መልእክት በስልክ ይደርስዎታል።"

ፈረምኩ። ደስ አለኝ፣ ምን አስዋሸኝ። ስንመለስ ጃቢር "ለእትዬ መንበረ ንገሪያት እንጂ" አለ። ስትመጣ እነግራታለሁ... ካልጠራኋት ግን ምን ብላ ትመጣለች?

ሚያዝያ 28
ከግድግዳው ወዲያ በግ መጥቷል። ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ አያባራም። ትንሣኤ አልፏል፣ ሌላ የምትድረው ልጅ የላት። ለማን ነው? እኔ ምን አገባኝ።

ግንቦት 5
ስልኬ ጮኸ። "ክፍያዎ ተፈጽሟል።" አለቀ። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ!

ድንጋዩ በሩ ሥር ነው። አየሁት። ልምታ? ደረሰኝ የለኝ፣ ምን አሳያታለሁ? ይቅር፣ ግማሹን እኔው እችለዋለሁ... እያልኩ ቸር ለመሆን ሞከርኩ። ቸርነት አይደለም። ላለመጥራት ሰበብ አገኘሁ። እስቲ ማን ቀድሞ እንደሚናፍቅ እናያለን።

ግንቦት 9
ረመዳን ገባ። በጉ ይጮኻል።

ግንቦት 18
ቅዳሜ ገበያ መንበረን አየኋት። አይታኝ በርበሬ ተራ ውስጥ ገባች። በርበሬ እንኳ አልገዛችም።

ግንቦት 24
ሁለት የመብራት ሠራተኞች መጥተው ቆጣሪዬን መረመሩ። ሰኔ ሰባት መጥተው ወደ መንበረ የሚያልፈውን ሽቦ ይቆርጡታል። የራሷ ቆጣሪ ሊገባላት ነው።

"ማን ጠየቀ?"

"እሳቸው ናቸዋ። 'ጎረቤቴ ድርሻዬን አልቀበል ብላለች፣ በምጽዋት መብራት አልኖርም' ብለዋል።"

ምጽዋት! ደሜ ፈላ። እኔ መጽዋች፣ እሷ ለማኝ?... ቆየት ብዬ ሳስበው ግን እኔም በእሷ ቦታ ብሆን የባሰ እናገር ነበር። አንድ ቃል ሳልነግራት መብራቷን ከፈልኩ። ምን ትበል?

ሽቦው ከተቆረጠ በምን ትመጣለች? ግድግዳው ግድግዳ ብቻ ሊሆን ነው። ፈራሁ። ዐብደላ ሲሞት አርባ ቀን ከጎኔ ያልተለየች ሴት ናት።

ሰኔ 4
ስልኬ ጮኸ። "ክፍያዎ ተፈጽሟል።"

ድንጋዩን አነሣሁ። መለስኩ። ደግሞ አነሣሁ... መታሁ። ሦስት ጊዜ።

ድንጋዩን ሳላስቀምጥ በር ላይ ደረሰች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል።

"ስንት ደረሰብኝ?"

"አላውቅም።"

"ደረሰኙሳ?"

"የለም። አሁን ባንኩ ነው የሚከፍለው። ሳልነግርሽ ቀረሁ፣ አጥፍቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው መታሽ?"

"አንቺን ፈልጌ" አልኩ።

ከወዲያ በጉ ጮኸ። መንበረ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

"ያ በግ የማን መሰለሽ? ያንቺ እኮ ነው። ያን ዕለት ሚሪንዳ ይዘሽ ሳይሽ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፊቴን ያዞርኩት አፍሬ ነው፣ ሃጂራ። ሸጋ በግ ገዛሁና የመብራት ቀን ስትጠሪኝ እየጎተትሁ እገባለሁ አልኩ። የመብራት ቀን ጠፋ! ግድግዳ ሳዳምጥ ወር አለፈኝ፣ እሱም በሣር አከሰረኝ።"

"ምነው፣ ሳልጠራሽ አትመጪም ነበር?"

"ምን ብዬ?"

እኔም እኮ ምን ብዬ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ ያለ ደረሰኝ መጠያየቅ አቅቶን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ሰኔ 7
ሽቦውን ቆረጡት። የመንበረ ቆጣሪ ገባ። "ተዪው፣ ይቅር" ስላት "ይግባ፣ ግድግዳው የት ይሄዳል?" አለች።

ከአስር ሰዓት በኋላ ግድግዳው ተመታ። ሦስት ጊዜ። ከወዲያ በኩል። ተነሥቼ ሄድኩ፣ ጉልበቴ ትዝም አላለኝ።

ሰኔ 8
ዒድ። ጃቢር ከሶላት መልስ በጉን አረደው። ቤቱ በሰው ሞላ። መንበረ ከሁሉም ቀድማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓርብ ነው፣ ጾመኛ ናት፤ በጉ የእሷ፣ አንዲት ቁራጭ አትቀምስ። ሁሉም ሲበላ አንድ ሚሪንዳ ይዛ ዋለች።

ማዶ ለማዶ ሳይሆን ጎን ለጎን ነበርን። ዞሬ አየኋት። ጠርሙሷን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ፊቷን አላዞረችም።