«ሙሉ ነው» ያልኩህ ጎተራ

ይድረስ ለልጄ ለሰውአገኝ። ጤናህ እንዴት ከርሟል? እኛ የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ፆሙ ከተፈታ ወዲህም ትፆማለች፤ ተይ ብላት አትሰማም። ለዘር ያስቀመጥነው ገብስም ተፈጨ።

በመሥሪያ ቤታችሁ ዝናቡንና አዝመራውን በኮምፒውተር አስልታችሁ ማን እንደሚቸገር አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ አሉ። ስሌቱ «ይተርፋቸዋል» ስላለ ቀበሌያችን ከስንዴ እርዳታው ዝርዝር ወጣ። ሊቀመንበሩ በሰው ፊት «ያሰላው ያንተው ልጅ ነው» አለኝ።

አምና ከባልደረቦችህ ጋር መጥተህ ስለ ጎተራው ስትጠይቀኝ «ተመስገን፣ ሙሉ ነው» አልኩ። ለእንግዳ ሌላ ምን ይባላል? እነሱስ አያውቁም። አንተ ግን ባዶ ሲሆንም እንደዚያው እንደምል እያወቅህ ቁጥር አድርገህ ጻፍከው!

መምሬ ጽጌማርያም እንዳልኳቸው ጽፈውልኛል። እናትህ «ምንም አልጎደለብንም በለው» ትላለች። እሱንም አስላው።

በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

አባትህ ጥሩሰው