አምስተኛዋ ቡሎን

ለምወድህ የበኩር ልጄ፤

የሰፈራችን ጎሚስታ ግራሶ የነካ እጁን ከጀርባው ደብቆ በራችን ላይ ከቆመበት ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ብዕር ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለካስ ሰው አፉን ሳይከፍትም ያረዳል።

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል ትቀምሳለህ? ባለቤትህስ፣ ትንሿስ እንዴት ናቸው? እኛን ካልክ ቆመን እንሄዳለን። አባትህ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይውላል፤ ሲመሽ ደግፌ አነሳዋለሁ። ይሻለዋል ብዬ አልዋሽህም።

ባለቤትህ ደውላ ነበር። «እኔ በላክሁት ጎማ ነው የሞተው እያለ ራሱን እየጨረሰ ነው፤ ስልክም አያነሳ» አለችኝ። አንዱን ልጄን አፈር በላው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ያልሆነ ነገር ሊበላብኝ ነው። ስለዚህ እውነቱን ልጻፍልህ።

ያንተ ጎማዎች ከዚያች ከወንድምህ ቀይ የስፖርት መኪና ጋር አልተዋወቁም። አራቱም ከነቸርኬያቸው፣ ከነላስቲካቸው፣ ከወንድምህ አልጋ ራስጌ ተደራርበው አሉ።

ጎማውን ልትገዛለት ከገባህበት ሱቅ ደውለህ፣ «እማዬ፣ ሊዘጉብኝ ነው፤ ቶሎ ውጪና ቸርኬው በስንት ቡሎን እንደሚታሰር ቁጠሪልኝ» ያልከኝን ታስታውሳለህ? ወንድምህ ሥራ ላይ ነበር። መነጽሬን ሳላደርግ ወጣሁ፤ አንዱን የፊት ጎማ ብቻ አየሁና «አራት» አልኩህ። አምስት ነበር። አንዷ ቡሎን ተሰብራ ወድቃ ኖሯል፤ እኔ ሌሎቹን ጎማዎች ዞሬ አላየሁም።

ዕቃው ሲደርስ ወንድምህ አንዱን ቸርኬ ለካው፣ አልገባም። ሌላውንም ሞከረ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እማዬ፣ አንዷን ቡሎን ቆርጥመሽ በላሻት እንዴ?» እያለ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን፣ «ለጋሼ እንዳትነግሪ፤ ስንት ደክሞ ነው የላከው» ብሎ አስማለኝ። ላንተም «እንደ ቀለበት ልክክ አለ» አለህ።

አንተ ደግሞ በደስታ ፎቶግራፍ ላክልኝ አልከው። የቀረውን ጎሚስታው ነው የነገረኝ። ወንድምህ ያንተን የሚመስል ባለ አምስት ቡሎን ፍለጋ እሱ ጋ ሄደ። ሁለት ዓይነት ነበረው፤ አንዱ መልኩ የማያምር፣ ጎማው ግን አዲስ፣ ሌላው ያንተን ቁርጥ የሚመስል የሚያብለጨልጭ ቸርኬ፣ ጎማው ግን ከተሠራ ዐሥራ አንድ ዓመቱ። «ጥርሱ ሙሉ ነው ብለህ አትታለል፤ ጎማ እንደ ሰው ነው፣ ቁጭ ብሎም ያረጃል» ብሎ ከጎኑ የተጻፈውን ቁጥር አሳይቶታል። ወንድምህ፣ «ለፎቶ ነው አባባ፤ ከዚያ እቀይረዋለሁ» አለው። ለመልኩ ብሎ መረጠው ይላሉ ሰዎች። አንተን እንዳይከፋህ ነው የመረጠው። በሦስተኛው ሳምንት ጠመዝማዛው መንገድ ላይ የፊት ቀኙ ፈነዳ።

እንግዲህ አንተ አልገደልከውም። አራት ያልኩት እኔ ነኝ። «አንቺም አይደለሽም» ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ሁሉም ይለኛል፣ አይገባልኝም። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ቡሎኑን እቆጥራለሁ። አምስት ሲሆን እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

ባለቤትህን ሳምልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አባትህ ሰላም በይው አላለኝም፤ እኔ ግን ብሎሃል እላለሁ። ስልኩን አንሳ፣ ልጄ።

ይህን ደብዳቤ አብራችሁት የምታነቡ ሁሉ፣ እኔን ተዉኝና ለሞተው ልጄ ጸልዩለት። ዋሽቶ ነው የሄደው። ያቺ ውሸት እንዳትቆጠርበት ጸልዩለት።

እናትህ
ከቤታችን፣ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን