ስንሻው ስለ ልጆቹ የጻፈው

ለምወድሽ እኅቴ ለእታለም ጣይቱ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ክረምቱን እንዴት አደረገሽ? ጋሼ ታምሬስ ደህና ነው ወይ? የአባባ ዓይን ተሻላቸው? ሰማኸኝ ትምህርቱን ያዘ ወይስ አሁንም እያስቸገረሽ ነው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። በመስከረም ወባ ይዞኝ ነበር፤ እሱም ለቀቀኝ። የናንተ ናፍቆት ነው የማይለቅ።

በስልክ የጠየቅሽኝን እስካሁን ያልመለስሁልሽ ረስቼው አይደለም። የድምፅ መልእክት ሲመጣልሽ ጎረቤቱ ሁሉ ከብቦ እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ይሄ ደግሞ በአደባባይ የሚሰማ ነገር አይደለም። ባንተአምላክ የሰሊጥ አጨዳውን ጨርሶ ወደ አገር ሊገባ ነው ሲሉኝ በእጁ ልላክልሽ ብዬ ተቀመጥሁ። ልጄን እየሩስን ስንሻው ቢሮ አስገቢልኝ፣ አንቺ እዚያው ስላለሽ ሆዴ አይባባም ብለሽኝ ነበር። እታለም፣ እኔ ከስንሻው ቢሮ ወጥቻለሁ። እንዴት እንደወጣሁ ልንገርሽ።

ስንሻው የዚያው የኛው የጭልጋ ልጅ ነው። ገዳሪፍ መናኸሪያው አጠገብ ቢሮ ከፍቶ ልጃገረዶችን በየሰዉ ቤት ያስቀጥራል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ከካርቱም የተፈናቀለው ባለጸጋ እዚህም ፖርት ሱዳንም ስለሰፈረ ሠራተኛ ፈላጊው ብዙ ነው። እኔን የያዘኝ ኮምፒውተር ስለምችልና የአረብኛ ፊደል ስለቆጠርሁ ነበር።

በኮምፒውተሩ ውስጥ ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ፎልደር አለ፤ ፎቶዋና የወረቀቷ ቅጂ እዚያ ይቀመጣል። ስማቸው እየተመሳሰለ አንዷን ከሌላዋ መለየት ሲያቅተን፣ በየፎልደሩ ላይ አጭር ማስታወሻ እንጻፍ ያልሁት እኔው ነኝ። አንቺ የዘሩ ማሽላ ከሚበላው እንዳይቀላቀል በየጆንያው አፍ ልዩ ልዩ ጨርቅ ታስሪ የለ? እንደዚያ ማለት ነው። ፎልደሩን ሳትከፍቺ የማውሱን ቀስት ስታሳርፊበት ጽሑፉ ብቅ ይላል። «ማኅደር፤ የሳንጃ ልጅ፤ ሕፃን መያዝ ትችላለች፤ ኪስራ መጋገር ለምዳለች» እያልሁ በአረብኛ ጻፍሁ። ሥራዬን ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ስንሻው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ቶምባክ የሚሉትን ትምባሆ ከከንፈሩ ሥር ወትፎ፣ በዚያው ጣቱ ማውሱን ይዞ አንድ በአንድ አነበበ። «ይሄ ምርቃት ነው። ደንበኛ የሚፈልገውን ጻፊ» አለኝ። ምንድን ነው የሚፈልጉት ብዬ ብጠይቀው ይነግረኝ ጀመር። ይቺን ወረቀት የላትም፣ የትም አትሄድም በያት አለ። ያችን ደግሞ ብትሰደብም አትመልስም በይ። የዚያችኛዋ ጥርሷ ሙሉ ነው፣ ወገቧ ጠንካራ ነው። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አልሳቀም። ከጎኑ ባለው ጣሳ ትፍ አለና «ጻፊ እንጂ» አለኝ። ከብት ተራ እንኳ፣ እታለም፣ በሬውን የሚሸጥ ሰው ስለ በሬው እንዲህ አይናገርም።

አልጽፍም ብዬ አልተጣላሁትም፤ ዝም ብዬ የነበረውን እንዳለ ተውሁት። እሱ ግን እኔ ከወጣሁ በኋላ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ራሱ ይጽፍ ኖሯል። ጠዋት ስገባ ቀስቱን ባሳረፍሁበት ሁሉ የሱ ቃል ብቅ ይላል። እርጥብ ድንጋይ ሲገለብጡ ከሥሩ እንደሚገኝ ትል ይቀፈኝ ነበር። ማውሱን በሳሙና ጨርቅ ሳልወለውል መንካት ተሳነኝ።

ሶሊያና የምትባል ልጅ ነበረች፣ ወድ ኤል ሒለው በሚሉት ድንበር በኩል ተሻግራ የመጣች። ቀኑን ሙሉ አግዳሚው ላይ ሥራ ትጠብቃለች። ሂያም የሚሏት ሱዳናዊት ወይዘሮ ለታመሙ እናቷ አስታማሚ ፈልጋ መጣች። ስንሻው ስክሪኑን ወደሷ አዙሮ ቀስቱን ሶሊያና ላይ አሳረፈ። ወይዘሮዋ አነበበች። ይህን የጻፈው ማን ነው ብላ ጠየቀች። እሱም ፈገግ ብሎ ወደኔ ጠቆመ። «እኔ ለእናቴ የፈለግሁት ሰው ነው» ብላ ልብሷን ሰብስባ ወጣች፤ ስንሻው እየተለማመጠ ተከተላት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ሶሊያና አረብኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ተነሥታ መጥታ ምን ይላል አለችኝ። ልዋሻት አስቤ አፌ እንቢ አለኝ፤ አነበብሁላት። «አባቷ ሞቷል፤ ወንድም የላትም፤ ብትጠፋ የሚፈልጋት የለም» ነበር የሚለው።  «የአባቴን ሞት አልቅሼ የነገርሁት እኮ ለሱ ነው» አለችኝ። «የአገሬ ሰው ነው፣ ያጽናናኛል ብዬ። እሱም አይዞሽ ብሎኝ ነበር።»

እታለም፣ በስደት ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያቅለሸለሸኝ ግን የለም። የሰው ልጅ እንባ ተቀብሎ፣ አይዞሽ ብሎ፣ ማታውን ለገበያ ይጽፈዋል?

አጥፊው አለችኝ፤ አጠፋሁት። ምን ልጻፍልሽ ብላት አሰብ አድርጋ «የታመመ ሰው ማገላበጥ እችላለሁ በይ፤ አያቴን ያስታመምሁ እኔ ነኝ» አለች። ጻፍሁ። ከሥሩም ሳታዝዘኝ «ካልተገኘች ማሬ መጥታ ትጠይቃለች» ብዬ ከስሜ ጋር የስልኬን ቁጥር ጨመርሁበት። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ሰምተው ለኔም፣ ለኔም እያሉ ከበቡኝ። ስለ ራሳቸው ራሳቸው እየነገሩኝ ጻፍሁላቸው።

እንዲህ እያልሁ ስወርድ ከመጨረሻው አዲስ ፎልደር አገኘሁ። እየሩስ ይላል። በፋሲካ ቢጫ ሻሽ አስራ የተነሣችው ፎቶ ነው፤ አንቺ ለስንሻው አስቀድመሽ ልከሽለት ኖሯል። ቀስቱን አሳረፍሁበት። «አክስቷ እዚሁ ስለምትሠራ፣ አክስቷን ብንይዝ እሷም አትንቀሳቀስም» ይላል። አንቺ ልጅሽን የምታምኝበትን እሱ ገመድ አድርጎታል።  ፎልደሩን ከነፎቶው ደመሰስሁት።

ስንሻው ሲመጣ አንድ ላይ አገኘን። አነበበ፤ አልጮኸም። ቶምባኩን በምላሱ እያገላበጠ «እኔ በወንድምነት ነው ያስጠጋሁሽ» አለኝ። «ለሶሊያናም ወንድም ነኝ ብለሃት ነበር» አልሁት። ውጪልኝ አለ፤ ወጣሁ። ሶሊያናና ማኅደር ተከተሉኝ። የቀሩት እዚያው ቀሩ፤ ሌላ መግቢያ የላቸውምና አልፈርድባቸውም። የጻፍሁትን ፍቆ የራሱን እንደሚመልስበት አውቃለሁ። 

ጎረቤቴ ራዲያ ወይዘሮ ሂያምን ታውቃት ኖሮ ቤቷ ወሰደችን። ያን የጻፍሁት እኔ አለመሆኔን ነገርኋት፤ ያመነችኝ አይመስለኝም። ሶሊያናን ግን አስገባቻት፤ አሁን አሮጊቷ ከሷ እጅ በቀር አልበላም ይላሉ አሉ። እኔና ማኅደር ሰሊጥ ማበጠሪያ መጋዘን ገብተናል። አቧራው ያስላል፣ ሌላ ነውር የለበትም።

ይህን ጮክ ብላ የምታነብልሽ እየሩስ መሆኗን አውቃለሁ። እየሩስዬ፣ እዚህ ስትደርሺ ድምፅሽን አትቀንሺ፣ እናትሽ ትስማ። የቤታችሁን ችግር አይተሽ ልውጣ ማለትሽን አልነቅፍም። መምጣትሽ ካልቀረ በማንም ደላላ ሳይሆን ወደኔ ነይ፤ መንገዱ ደህና ሲሆን እኔው መተማ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። እስከዚያው ፎቶሽን ለማንም አትስጪ። ስንሻው ለታኅሣሥ ገብርኤል አገር ይገባል ይባላል፤ ሻይና ስኳር ይዞ ቤታችሁ መምጣቱም አይቀርም። ውኃ ከጠማው አጠጡት። የእየሩስን ስም ካነሣ ግን፣ እታለም፣ ስኳሩን አስይዘሽ በመጣበት መልሽው።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ጋሼ ታምሬን አክብሬ እጅ ነሥቻለሁ። ሰማኸኝን ግንባሩን፣ እየሩስዬን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ማኅደርም ሳታውቃችሁ ሰላም በይልኝ ብላለች። አንቺን ግን በወረቀት ብስምሽ አይበቃኝም።

ታናሽ እኅትሽ ማሬ
ገዳሪፍ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.