በምርመራው በር ላይ ስለተኛው ኩሬ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ጫማዎ በደረቅ መሬት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጡብና አሸዋ በጭነት መኪና እያመላለስኩ ቤተሰቤን የማስተዳድር ሰው ነኝ። መኪናዬን ሰፈርተኛው «እትዬ» ይላታል፤ ዕድሜዋ ክብር ይገባዋል፣ ደግሞም ማንም ሊያጣድፋት አይችልም። የብቃት ወረቀቷ ጊዜ ስላለፈበትና ያለ ወረቀት ደግሞ መጫን ስለማይፈቀድ፣ በአሁኑ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ከእኔ ንዴት በቀር ሥራ ላይ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ፤ በቅድሚያ የማመሰግነው በግቢዎ በር ላይ ስላለው ኩሬ ነው። ዝናብ ያመጣው መስሎኝ ሰማዩን አማርሬ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። ለካ ጽሕፈት ቤትዎ ያልታጠበ መኪና አይመረመርም የሚል ደንብ ስላለው ግቢው ውስጥ ማጠቢያ አቁሟል፣ እጣቢውም ቁልቁል ወርዶ በሩ ላይ ይተኛል። መኪናው ሁሉ ሊታጠብ ሲገባ ይጨቀያል፣ ስለጨቀየም ይታጠባል። ከድጡ ወደ ማጡ ሲባል እሰማ ነበር፤ በደንብ ጸድቆ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

፪ኛ፤ እትዬ ኩሬውን ስትሻገር ጭቃው ኮፈኗ ድረስ ወጣ፤ ሞተሯም ይንተፋተፍ፣ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህ አንሶ አጣቢዎ ቧንቧቸውን ይዘው መጡና፣ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው፣ ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን በኃይለኛ ውሃ አጠቡት። ቀጥሎም መርማሪው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሞተሩ እንደሚያስል አረጋገጡና ጣሏት። ለትጋታቸው እግዜር ይስጥልኝ።

፫ኛ፤ መካኒክ የሆነው የባለቤቴ ወንድም ሞተሩን በእሳት የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈትቶ አደረቀ፣ ሽቦዎቻቸውን ወለወለ፣ ከአየር ማጣሪያው ጭቃውን አራገፈ። በሦስት ፒስተን ስትነፋረቅ የነበረችው እትዬ በአራቱም ተነሣች። ደስ ብሎኝ ወደ እርስዎ ነዳሁ፤ ኩሬው እንዳለ ጠበቀኝ፣ እትዬም ወደቀች። ደግሞ አደረቅናት፣ ደግሞ መጣን፣ ደግሞ ወደቀች። አሁን የባለቤቴ ወንድም የደረሰበት መደምደሚያ መኪናዋ ፍጹም ጤነኛ እንደሆነችና በሽታዋ ምርመራው እንደሆነ ነው። ባለቤቴ በበኩሏ ልብሴን አይታ፣ እኔንም መርምራችሁ እንደጣላችሁኝ ታምናለች።

፬ኛ፤ ገና ደረቅ ሳለች ሞተሯን ከበሩ ውጪ ወጥተው እንዲሰሙልኝ መርማሪውን ለምኜ ነበር። እሳቸውም ያንን ውሃ ተሻግሮ የሚወጣ ሰው ጤነኛ እንዳልሆነ በትሕትና አስረድተውኛል።

፭ኛ፤ ባለፈው ሰኞ የእርስዎ የራስዎ መኪና ኩሬው መካከል ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም፣ እግርዎን ወንበሩ ላይ ሰብስበው ባየሁዎ ጊዜ ገመዴን ይዤ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ያቺ ብቃት የላትም የተባለች እትዬ እየተንተፋተፈች በገመድ ጎትታ አወጣችዎ። እርስዎም መስኮቱን ዝቅ አድርገው አመሰገኑኝ። ከዚያም ለምርመራ መምጣት ቢፈቀድም መጎተት ግን ሥራ በመሆኑ፣ ያለ ብቃት ወረቀት በመሥራቷ ታርጋዋ እንዲፈታ አዘዙ። የእኔ እጅ መቼም አመድ አፋሽ ነው። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ እንዲህ ተናድጄም አላውቅ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ወደ ጎን የሚወርድበት ቦይ ይቆፈር። አካፋው ከእኔ፣ ጉልበቱም ከእኔ፤ ከእርስዎ የሚፈለገው በግቢዎ አጥር ሥር መቆፈር ወንጀል እንዳይሆንብኝ ብቻ ነው።

ከኩሬው ወዲህ ማዶ ቆሜ፣ ወገቤ እስኪያመኝ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
አክባሪዎ፣ የቀድሞው ባለታርጋ

ማስታወሻ፦ መኪናዎ ከውሃው ወጥቶ ሲነሣ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር፤ አንዱ ፒስተኑ አይሠራም፣ ክፉኛም ያስላል። በደንብዎ መሠረት ብቃት የለውምና ዕለቱን ታርጋው መፈታት ነበረበት። ላመለክት ተነሥቼ ነበር፤ ማመልከቻ የሚቀበለው መስኮት ግን ከኩሬው ወዲያ ነው።