ሚስማር የሌለው ጎማ

ውድ አውሊስ፣

እጄን የሰበርከው አንተ ነህ፤ በረዶው አይደለም።

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ተብዬ ስለተማርኩ ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ፣ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደሎቹ ትልልቅና ጠማማ ከሆኑብህ ታገስ። እኔም አንተ ስታነብልኝ ብዙ ታግሻለሁ።

ትናንት ስልኬ ላይ የተውከውን መልእክት ሰማሁት። «ኢርያ፣ እሁድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል እኮ! መጥቼ ጎማሽን ልቀይርልሽ። ያቺን ሄል ያለባትን ዳቦ ጋግሪ፣ ባዶ ጠረጴዛ እንደማልወድ ታውቂያለሽ» ብለህ ሳቅክ። በመካከላችን ምንም እንዳልተፈጠረ ሳቅክ። ደግሜ ሰማሁትና ወረቀት ፍለጋ ተነሳሁ።

በየዓመቱ በዚያች፣ ክረምቱ ሊገባ ሰዓት በሚመለስባት እሁድ ትመጣ ነበር። ብስክሌቴን ግቢው ውስጥ ትገለብጠዋለህ፣ የበጋውን ጎማ ታወልቅና በረዶ የሚነክሰውን ባለ ሚስማሩን ታጠልቃለህ። ላይኛው ፎቅ ያለው ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብሎ «የኢርያ መካኒክ መጣ፣ እንግዲህ ሊበርደን ነው!» ሲልህ፣ «አንተ ደግሞ የአየር ጠባይ የሚያወራ ሬዲዮ ሁን!» ትለዋለህ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እስቃለሁ። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ የሠራሁባቸውን ዓመታት ሁሉ፣ አውቶቡስ ገና ሳይነሳ፣ በነዚያ ጎማዎች ወንዙን ተሻግሬያለሁ። ያ ድምፅ፣ የጋለ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት የሚንጫጫው፣ የማለዳ ጓደኛዬ ነበር። እሱን እየሰማሁ ወድቄ አላውቅም።

ሁለት ነገር ታደርግልኝ ነበር፤ ጎማ መቀየርና ማንበብ። ለሁለቱም አመስግኜሃለሁ፣ በዳቦም በቃልም። ልጆች ሳለን ፊደል ዓይኔ ላይ አልቆም ሲለኝ፣ መምህራችን «ይቺ እጅ እንጂ ጭንቅላት አልተሰጣትም» ብላ የምድጃውን እንጨት እንዳመላልስ ስታደርገኝ፣ እናታችን አንተን ትጠራ ነበር። «አውሊስ፣ ለእህትህ አንብብላት።» ታናሼ ሆነህ ሳለህ ወንበር ላይ ወጥተህ፣ ደረትህን ነፍተህ ታነብልኛለህ። ካረጀን በኋላም ያው ነበር። ወንበሩ ብቻ ቀረ። የጡረታ ወረቀት፣ የቤት ማኅበሩ ማስታወቂያ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ሁሉን ላንተ ይዤ እመጣለሁ። አንተ ረጅሙን ገጽ በዓይንህ ትጨርስና «ምንም አይደለም፣ ለኔ ተይው» ትለኛለህ። ምን እንደነበረ ግን አትነግረኝም።

ስለዚህ ነው ጡረታ ስወጣ ልማር ያልኩት። ደስ የሚልህ መስሎኝ መጀመሪያ የነገርኩት ላንተ ነው። ወጥ ቤቴ ተቀምጠህ ነበር። አስታውስ።

«ከወንዙ ማዶ ለትልልቅ ሰዎች ማንበብ ያስተምራሉ። ተመዘገብኩ» አልኩህ።

«አንቺ? አሁን?» አልክ። «እንግዲህ ጋዜጣ ላይ ልትጽፊ ነዋ!»

«የሚመጣልኝን ወረቀት ማንበብ ነው የምፈልገው።»

ፊትህ ተለወጠ። «እኔ ያነበብኩልሽ አልበቃሽም?»

«በቅቶኛል» አልኩህ። «ለዚህ እኮ ነው።»

ዳቦህን ሳትጨርስ ሄድክ። ያቺ ቃል እንደቆረጠችህ አይቻለሁ። ይቅርታ አልጠይቅህም፤ እውነት ነበረች።

ከዚያ እሁዷ መጣች፣ አንተም መጣህ። ብስክሌቱን ገለበጥክ። ባለ ሚስማሮቹን ጎማዎች ከጓዳ ሳመጣልህ ዳበስካቸውና ራስህን ነቀነቅህ። «እነዚህማ አርጅተዋል። አዲስ አምጥቼልሻለሁ» ብለህ ከመኪናህ ሌሎች አወረድክ። ጥልቅ ቦይ ያላቸው ጥቋቁር ጎማዎች ነበሩ። እጄን አሳለፍኩባቸው።

«ሚስማሩ የታለ?»

«አዲስ ዓይነት ነዋ! ላስቲኩ ራሱ በረዶ ይቆነጥጣል። ሚስማር የድሮ ሰው ነገር ነው።»

«እኔም የድሮ ሰው ነኝ።»

«ኧረ ይኸው ጎኑ ላይ ተጽፏል!» አልክና በጣትህ እየተከተልክ አነበብክልኝ። «ለበረዶና ለአመዳይ መንገድ። አየሽ?»

ምኑን ልይ? ፊደል ነበር፣ አየሁት። ያነበብከው አንተ ስለሆንክ አመንኩ። አሮጌዎቹን እጥላቸዋለሁ ብለህ መኪናህ ውስጥ ጫንካቸው።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት፣ በረዶው ላይ ዝናብ ዘነበ። ያን ዓይነቱን ቀን አንተም ታውቀዋለህ። ብርድ የጨከነበት በረዶ ሸካራ ነው፣ ጎማ ይይዛል፤ ዝናብ የነካው ግን የተወለወለ መስታወት ነው። የጽዳት መኪናዎቹ መንገዱ እንዳያንሸራትት የሚበትኑትን ጠጠር ገና አልበተኑም ነበር። በዚያ ቀን ቤቴ መቀመጥ እችል ነበር። ግን ሚርቫ፣ አስተማሪዬ ናት፣ በዚያ ሳምንት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እናነባለን ብላን ነበር። በሚስማር ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያለ መንገድ ሄጃለሁ። አዲሱ ደግሞ ከሚስማር ይበልጣል ብለኸኛል።

ከድልድዩ ስወርድ ፍሬን ያዝኩ። የፊቱ ጎማ ከሥሬ ወጥቶ ሄደ። ጓንቴን ላወልቅ ስሞክር እጄ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ አየሁት።

ከኋላዬ ሚስማሩ እየተንጫጫ አንድ ብስክሌተኛ መጣና ቆመ።

«አትነሺ፣ አትነሺ! መጀመሪያ ልየው።»

«ትምህርት ይረፍድብኛል» አልኩት።

«ትምህርት?» ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም። ብስክሌቴን ከመንገድ ሲያነሳ ጎማውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «በዚህ ነው ዛሬ የወጣሽው? ማነው ይሄን ያጠለቀልሽ?»

«ወንድሜ።»

ኮቱን አውልቆ ከሥሬ አነጠፈልኝና አምቡላንስ ጠራ። የማላውቀው ሰው ኮት ላይ ተቀምጬ፣ እጄ ተንጠልጥሎ፣ ላንተ ጥብቅና ቆሜልህ ነበር። «አዲስ ዓይነት ነው፣ ለበረዶ የተሠራ ነው» እያልኩ።

ሆስፒታል መጣህ። «ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜ በበረዶ ላይ ብስክሌት! አላልኩሽም?» አልከኝ። እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም። ከራስጌዬ የነበረውን ወረቀት አነሳህ፣ መነጽርህን አጠለቅክና ድምፅህን ሞልተህ አነበብክልኝ። ከዚያ አጣጥፈህ በራስህ ኪስ ከተትከው። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ። ይሄን ትምህርት ምናምን እርሺው።» ደስ ብሎህ ነበር አውሊስ። ፊትህ ላይ ያየሁትን የማስታገሻው መድኃኒት ያሳየኝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከገና በኋላ፣ ጄሶው ገና እጄ ላይ ሳለ፣ በመስኮቴ ሥር ድምፅ ሰማሁ። ጎማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይንጫጫም። የኔ የኋላ ጎማ አንድ ቦታ ላይ ሚስማሮቹ ስለወለቁ በየዙሩ ለአፍታ ዝም ይል ነበር። ያን ዝምታ የማላውቀው ይመስልሃል? ኮቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወረድኩ። ልጅህ ሄይኒ ነበረች፣ የአተር ሾርባ በዕቃ ይዛልኝ በብስክሌቷ መጥታ።

«ይሄን ጎማ ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«አባዬ ነዋ! ሰዓት የተመለሰ ዕለት አምጥቶ አጠለቀልኝ። ‹አንቺ ሥራ አለሽ፣ አክስትሽ ከእንግዲህ የትም አትሄድም› አለኝ።» ከዚያ ፊቴን አየችው። «ምነው አክስቴ? አታውቂም ነበር እንዴ?»

ሰዓት የተመለሰ ዕለት። ያኔ ትምህርት በጀመርኩ በወሩ ነበር። እጄ ደህና ነበር። በሳምንት ሁለቴ ድልድዩን እንደምሻገር በደንብ ታውቅ ነበር።

ልጅህ ካንተ ትሻላለች። ሲገባት በረዶው ላይ ተንበረከከች። «አሁኑኑ ፈትቼ እሰጥሻለሁ፣ መፍቻ ስጪኝ» እያለች አለቀሰች። ተነሺ አልኳት። እሷም እኮ ወደ ቤቷ በበረዶ ነው የምትመለሰው።

እሷ ነግራህ ደወልክልኝ። «ለአንድ አሮጌ ጎማ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው? እኔ ላንቺ ብዬ ነው! ቤትሽ ብትቀመጪ ምን ይጎድልሻል?» አልከኝ። ስልኩን ዘጋሁብህ። እስከ ትናንት ድረስ አልተነጋገርንም።

እንድወድቅ እንዳልፈለግክ አውቃለሁ፤ ያን ያህል ክፉ አድርጌ አልስልህም። እንድቀመጥ ነው የፈለግከው። ወድቄ ስቀመጥ ግን አልከፋህም።

አልተቀመጥኩም። ጄሶው ሳይፈታ በአውቶቡስ መሄድ ጀመርኩ። እርሳስ መያዝ ስላልቻልኩ ሳነብ ብቻ ከረምኩ። ሚርቫ መሐሉ የተቆረጠ ካርቶን ሰጠችኝ፣ አንድ ቃል ብቻ የሚያሳይ መስኮት ያለው። ቃሉ ብቻውን ሲሆን ፊደሎቹ መሯሯጣቸውን ተዉ። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነበር የጎደለኝ። አንድ ቁራጭ ካርቶን! ያን ዕለት ክፍል ውስጥ አለቀስኩ። ሰዎቹ የደስታ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። ንዴት ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ብስክሌቱ ወደቆመበት መጋዘን ወረድኩ። የጎማውን ጎን በጓንቴ ጠረግኩና ካርቶኔን አስጠግቼ አነበብኩት። የፋብሪካው ስም አለ። የጎማው መጠን አለ። ስለ በረዶ አንድ ቃል የለም። ብቻዬን ጀምሬ የጨረስኩት የመጀመሪያው ንባቤ ይህ ነው። መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ።

ዘንድሮ ባለ ሚስማር ጎማ ራሴ ገዛሁ። ሻጩ ሊያስረዳኝ ሲነሳ «ቆይ፣ ላንብበው» አልኩት፤ ቆየልኝ። ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ራሴ አጠለቅኩት። የተሰበረው እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ጠርዙ ቸርኬው ውስጥ አልገባ አለኝ፣ የሳሙና ውኃ ቀብቼ በጉልበቴ ገፋሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሁን በደረቁ አስፋልት ላይ በቀስታ እየነዳሁት ነው፤ አዲስ ሚስማር እንዲህ ካልተገራ ይረግፋል። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አልክድህም። ያስተማርከኝ ነገር ሁሉ እንዲህ እውነት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልጽፍልህም ነበር።

ስለዚህ እሁድ አትምጣ። የሚቀየር ጎማ የለም፣ ዳቦም አልጋግርም። ከሆስፒታል በኪስህ የወሰድከውን ወረቀት በፖስታ ላክልኝ፤ የኔ ነው።

ታመመች ብለው ቢነግሩህ ጠይቀኝ፣ በሩን እከፍትልሃለሁ። አንተም ብትታመም እመጣለሁ። ወንድሜ ነህ፣ ይህን የሚፍቅ ነገር የለም። ብስክሌቴን ግን ከእንግዲህ አላስነካህም። የሚጻፍልኝን ከእንግዲህ አላሳይህም። ከእንግዲህ ከቤት ስወጣ ወዴት እንደምሄድ አልነግርህም።

ኢርያ